የአስታ ሜዳ አውጫጭኝ

አያ እንዳላማው ፈረሳቸውን ኮርቻ ሳይጭኑበት ነው የወጡት። የሰኔ ዝናብ ጋቢያቸውን አክብዶት፣ እግራቸው በፈረሱ ሆድ ግራና ቀኝ ተንጠልጥሎ፣ የአስታ ሜዳን ቁልቁለት እየጋለቡ ሲወርዱ ያየ ሁሉ ሽማግሌው ዛሬ አበዱ አለ። አላበዱም። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለውን የእንጨት ድልድይ ወጣቶቹ ሳይሻገሩት መድረስ ነበረባቸው።

ደረሱ። ፈረሱን በድልድዩ አፍ ላይ አግድመው አቆሙትና ዱላቸውን አነሡ። ወጣቶቹ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው በጭቃው መጡ። ከፊት ሙሉቀን ነበር፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ፣ ከተማ ወርዶ ሥራ አጥቶ የተመለሰ፣ ሲናገር ሰው የሚሰማው ወጣት። በእጁ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሏል። በዚያ ዝናብ ውስጥ ውሃ ተሸክሞ የሚዞር ሰው እንደሌለ ፈረሱም ሳይገባው አልቀረም።

«ወዴት ነው ሙሉቀን?»

«ሰላማዊ ሰልፍ ነው አያ እንዳላማው። ያሳልፉን።»

«ሰላማዊ ሰልፍ ጀሪካን ይይዛል?»

ከኋላ አንዳንዱ ሳቀ። ሙሉቀን ግን አልሳቀም።

«ማዳበሪያችን ተዘረፈ። ገንዘቡን የከፈልነው ገና በበጋው ነው። የዘር ጊዜ እያለፈ ነው። ለወረዳ አመለከትን፤ ይጣራል አሉን። እነሱ እስኪያጣሩ የእኛ ማሳ አረም ያብቅል? የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሲነድ ያኔ ይሰሙናል።»

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት ነበር። በዚያ ክረምት መግቢያ ጎጃም በሙሉ ማዳበሪያ ማዳበሪያ ይል ነበር። በጮቄ ተራራ ጥግ ያለች አስታ ሜዳ ግን ቀንቷት፣ ስንዴዋና ድንቿ የሚጠብቀው ማዳበሪያ በጊዜ ገብቶ በገበሬው ማኅበር መጋዘን ተቆልፎበት ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ሕዝቡ ሊከፋፈል ሲሄድ ጓጉንቸሮቹ ተሰብረው፣ በሩ ተበርግዶ፣ መጋዘኑ ውስጥ ወለሉ ላይ ከፈሰሰች ነጭ ፍሬ በቀር ምንም ሳይኖር ጠበቀው።

ሙሉቀን ስልኩን አውጥቶ ከዝናቡ በእጁ ከልሎ ወደ ሽማግሌው ዘረጋ። በስልኩ ውስጥ ከባሕር ማዶ የሚናገር፣ ከረባት ያሰረ ሰው አለ። በዚህ ሳምንት መንግሥቱ ይወድቃል፤ ኃያላኑ አገሮች ከእኛ ጋር ናቸው፤ እናንተ ብቻ እሳቱን ለኩሱና ቪዲዮውን ላኩልኝ ይላል።

አያ እንዳላማው አንገታቸውን አዘንብለው አዳመጡት። «ይህ ሰውዬ ማሳው በየት በኩል ነው?» አሉ።

«ማሳ የለውም። ውጭ አገር ነው ያለው።»

«ማሳ የሌለው ሰው ስለ ማዳበሪያ ምን እንዲህ አንገበገበው? የሚነደው ቤት የእኛ፣ የሚታሰረው ልጅ የእኛ። የእሱ ድርሻ ማየት ብቻ ነው?» ዓይናቸውን ወደ ኋላ ወርወር አድርገው አንድ ሰው ፈለጉ። «አገኘሁ! ወዲህ ና። አንተ ያየኸውን ንገራቸው።»

አገኘሁ ከሊቢያ የተመለሰ ሰው ነው። በመተማ በኩል ወጥቶ፣ ሱዳንን አቋርጦ፣ አውሮፓ እገባለሁ ሲል ሊቢያ ላይ የቀረ፤ በስንት መከራ በአየር የመለሱት። ከመጣ ጀምሮ ስላየው ነገር ለእናቱ እንኳ አልተናገረም። አሁንም መሬት መሬት እያየ ነው የጀመረው።

«እዚያም እንዲህ ብለዋቸው ነበር አሉ። የውጭ አውሮፕላን መጥቶ ገዢያቸውን ሲጥልላቸው ጨፍረዋል። እኔ የደረስኩት ጭፈራው ካለቀ በኋላ ነው። መንግሥት የሚባል የለም፤ መሣሪያ የያዘ ሁሉ በየሰፈሩ መንግሥት ነው። እኔን መጋዘን ውስጥ ዘግቶ፣ እየገረፈ ለአባቴ ስልክ የደወለው ልጅ በዕድሜ ከአንተ ያንሳል ሙሉቀን። አባቴ በሬዎቹን ሸጦ ነው ያስለቀቀኝ።» ቀና አለ። «አቃጥሉት፤ እኔ አልከለክልም። ካቃጠላችሁ በኋላ ማን እንደሚመጣ ግን አይቻለሁ።»

አያ እንዳላማው ያቺን ጊዜ አላሳለፏትም።

«አንድ ቀን ስጡኝ። አውጫጭኝ እጠራለሁ። ከብት እስኪገባ ሌባው ካልወጣ እኔው ራሴ ከዚህ ድልድይ ገለል እላለሁ።»

«አውጫጭኝ?» ሙሉቀን ፊቱን አጨማደደ። «በዚህ ዘመን?»

«በዚህ ዘመን። ሌባው የድሮ አይደለ እንዴ?»

ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሙሉቀን ሽማግሌውን አየ፣ ጀሪካኑን አየ። «እሺ» አለ። «ከብት እስኪገባ።»

አያ እንዳላማው ወደ ቤታቸው የተመለሱት ደረቅ ነጠላ ለመለወጥ ነው። ደስ ብሏቸዋል። አባታቸው የአስታ ሜዳ ጭቃ ሹም ነበሩ፤ ከብት ሲጠፋ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ሲገደል አውጫጭኙን የሚጠሩት፣ ከኮሶው ዛፍ ሥር ከድንጋዩ ላይ ተቀምጠው የሚዳኙት እሳቸው ነበሩ። ሕጉ ቀላል ነው። ሕዝቡ በሙሉ መስክ ላይ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ የቀረ ሰው ተጠርጣሪ ነው። አንድ የታመነ ሰው «ወፍ» ተብሎ ይመረጣል፤ ሁሉም በየተራ ወደ ወፏ ሄዶ ያየውን የሰማውን በጆሮዋ ሹክ ይላል። ወፏ የነጋሪውን ስም ሳታነሣ ነገሩን ታወጣለች። እስክታወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ደርግ መጣና ይህ የባላባት ሥርዓት ነው ብሎ አስቀረው፤ ከዚያም በኋላ የመጣ ሁሉ ግምገማ እያለ፣ ኮሚቴ እያለ ሰበሰበን እንጂ ሌባ ያወጣ የለም። የአያ እንዳላማው እምነት ይኸው ነበር፤ ለማንም ይናገሩት ነበር፤ ላልጠየቃቸውም ጭምር።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘቢደር ደረቁን ነጠላ እያቀበሏቸው፣ «ቁልፉስ?» አሉ። በቀበሌው ሙሉ አያ እንዳላማውን «አንተ» የሚሏቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። «ቁልፉን የሰጠኸውን ልትናገር ነው?»

የማኅበሩ መጋዘን በሁለት ቁልፍ ነበር የሚዘጋው። አንዱ በቀበሌው ሊቀመንበር በዘመነ እጅ ነው። ሌላውን ሕዝቡ፣ ሊቀመንበሩ ብቻውን ገብቶ እንዳይወጣ፣ ለአያ እንዳላማው በአደራ ሰጥቷል። ማዳበሪያው ሊጠፋ ሲል፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ዘመነ ቤታቸው መጣ። በዕድሜ ልጃቸው ቢሆን ነው፤ ግን ተነሥተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ነው የተቀበሉት፤ መንግሥት ነዋ! «ከበላይ ቁጥጥር ይመጣል፤ ሁለቱም ቁልፍ እኔ ጋ ይሁን ተብሏል» አላቸው። ለምን አላሉም። ሹም ሲያዝ ለምን በማይባልበት ቤት ነው ያደጉት። እንዲያውም ሊቀመንበሩ ሰው ሳይልክ በአካል መምጣቱ አኩርቷቸው ነበር። ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጡት።

«ጓጉንቸሩ ተሰብሯል እኮ ዘቢደር» አሉ አሁን። «ቁልፍ ምን አገባው?»

«አላገባውም?»

«የሰጠሁት ለመንግሥት ነው። ለሌባ አይደለም።»

ወይዘሮ ዘቢደር የረጠበውን ጋቢ ጠምዝዘው ውሃውን ደጅ አፈሰሱት።

ረፋዱ ላይ ጥሩምባ ተነፋ። «አውጫጭኝ ነው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ሲባል ሽማግሌዎች ደነገጡ፤ ወጣቶች ሳቁ፤ ግን ሁሉም መጣ። ካህናቱ መጡ፤ ሴቶች ሕፃን አዝለው መጡ፤ የእርሻ ባለሙያው ሞተር ብስክሌቱን መስክ ዳር አቁሞ መጣ። ክቡ ተሠራ። ሙሉቀን ጀሪካኑን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ተቀመጠ፤ እንድታዩት ነው የሚል ይመስላል።

ዘመነ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ጥቁር ጃንጥላ ይዟል፤ የቀበሌውን ማኅተም የሚይዝባትን ቦርሳ በብብቱ ሸጉጧል። «አያ እንዳላማው፣ ይህ ስብሰባ እኮ ፈቃድ የለውም» አለ።

«ሊቀመንበሩ አንተ አይደለህ? ፍቀድልና።»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ዘመነም የግዱን ፈገግ አለ። ሹም እንደ ተራ ሰው እርጥብ ሣር ላይ መቀመጥ የለበትም ብለው አያ እንዳላማው የገዛ አጎዛቸውን አነጠፉለት። ክቡ ውስጥ አጎዛ ላይ የተቀመጠ እሱ ብቻ ነበር።

ወፍ ሆና የተመረጠችው ሽታዬ ናት። ባሏ የሞተባት፣ በየልቅሶው ግጥም የምትገጥም፣ የሰው ጉድ በሆዷ ሞልቶ ከአፏ ጠብ የማይል ሴት። አያ እንዳላማው ከኮሶው ሥር ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። በአባታቸው ቦታ ናቸው። ዳኛ ቀድሞ መማል አለበትና ተነሥተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማሉ፤ «ያየሁትን ብሸሽግ፣ የሰማሁትን ብደብቅ፣ ለዘመድ ባዳላ፣ ለጌታ ባጎበድድ፣ ዘሬ አይብቀል፤ ቤቴ አይሙቅ!» ከዳር ተቀምጠው የነበሩት ወይዘሮ ዘቢደር ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

አንድ በአንድ እየተነሣ ወደ ሽታዬ የሚሄደው ሰልፍ ረጅም ነበር። እያንዳንዱ ጎንበስ ይልና በጆሮዋ ይናገራል፤ ቀና ብሎ አንዴ ወደ ዳኛው አየት ያደርግና ወደ ቦታው ይመለሳል። የመጨረሻው ሲቀመጥ አያ እንዳላማው ጠየቁ፤ «ወፏ ምን አለች?»

«ወፏ ዝም አለች» አለች ሽታዬ።

እንደገና ይዙር ተባለ። ዝናቡ ቆም ብሎ ጀመረ። ልጆች አለቀሱ፤ እናቶች ክቡ ውስጥ እንዳሉ አጠቡ። ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ የሁሉንም ጥርስ አንቀጫቀጨ። ዘመነ ጃንጥላውን ከፍቶ ሰዓቱን ያያል። ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ ሽታዬ አሁንም ራሷን ነቀነቀች። ሙሉቀን ወደ ምዕራብ አየ፤ ከዚያ የጀሪካኑን ክዳን በእጁ ዳበሰ።

አያ እንዳላማው ደማቸው ፈላ። ከድንጋዩ ተነሥተው ዱላቸውን መሬት ላይ መቱት።

«ለሰልፍ አፍ አላችሁ! ለስልክ አፍ አላችሁ! አንድ ሌባ ለማውጣት ግን ዲዳ ሆናችሁ! ልጆቻችሁ በመተማ በኩል የሚጠፉት ለምን ይመስላችኋል? እዚህ የሠሩትን ሌባ ይበላዋል፤ ሌባውን አየሁ የሚል ወንድ የለም። ይቺን አገር ጠላት ከውጭ መጥቶ እስኪያፈርሳት ምን ያስጠብቀዋል? የእናንተ ዝምታ ይበቃታል! አባቶቻችን በዚህ ቦታ እንዲህ አልነበሩም። እኔ አፍሬባችኋለሁ!»

ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። ሁሉም አንገቱን ደፋ፤ የተቆጣ አልነበረም። ይልቅ ያዘኑላቸው ይመስል ነበር፤ ይህ ደግሞ ሽማግሌውን ይበልጥ አናደዳቸው።

ሽታዬ ተነሥታ መጣች። «አያ፣ አንዴ ወደዚህ» አለችና ከኮሶው ጀርባ ይዛቸው ሄደች።

«ምን አሉሽ? አንድ ሰው እንኳ አላየም?»

«አላየሁም ያለኝ የለም።»

«እና ለምንድነው ዝም አለች ዝም አለች የምትይኝ?»

«እያስማሉኝ ነዋ የሚነሡት። ይነግሩኝና፣ አያ እንዳላማው ይሙቱ እንዳታወጪው ይሉኛል።» ሽታዬ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ቅዳሜ ዕለት ዘመነ ከቤትዎ ሲወጣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ነበር። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ አይቶታል። አይሱዙዋን ሲጭኗትም ያዩ አሉ። ግን ዘመነ ካልን ቁልፉን ከየት አገኘው ይባላል። ቁልፉ ከመጣ እርስዎ መጡ። ማን ደፍሮ ይጥራዎት?»

«አብሮ በላ ይሉኛል?»

«የሚልም አለ፤ ሽማግሌውን አታለላቸው የሚልም አለ። የሚናገር ግን የለም። በአደባባይ እንዳያፍሩ ብለው ነው።»

ሽማግሌው በኮሶው ግንድ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ቆሙ። እፍረቱ መጀመሪያ በጆሯቸው በኩል ነው የመጣው፤ እንደ እሳት ጋለ። ጓጉንቸር፣ መንግሥት፣ በላይ እያሉ ለራሳቸው የደረደሩት ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ። አሁን የማሉት መሐላስ? ከግንዱ ወዲያ ክቡን አዩት። ዝናብ ይወርድበታል፤ ሕፃን ያለቅሳል፤ ማንም አይነሣም። ይህ ሁሉ ሰው የዓመት እህሉን ሊያጣ ተቀምጧል፤ የእሳቸውን ስም ላለመጥራት። ጽሕፈት ቤት ለማቃጠል የደፈሩ ልጆች ስማቸውን ለመጥራት አልደፈሩም። ልባቸው በኀዘን ተሞላ፤ እንዲህ ያለ ሕዝብ የእሳቸው በመሆኑ ደግሞ ኮሩ። አልቅሰው አያውቁም ነበር፤ ያን ቀን ግን ዓይናቸውን ዝናቡ ነው ብለው አበሱት።

ወደ ክቡ ተመለሱ። ድንጋዩ ላይ ግን አልተቀመጡም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ዳኛ ፊት እንደሚቆም ተከሳሽ ወገባቸው ላይ አደግድገው አሰሩት። ሕዝቡ ይህን ሲያይ ከዳር እስከ ዳር ተንጫጫ።

«ኧረ ይተዉ አያ!» አለ አንድ ሰው።

«አልተውም!» ድምፃቸው ከቅድሙ ቁጣ ይልቅ ጠነከረ። «የመጋዘኑን ቁልፍ ለዘመነ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ዕለት፣ በሁለት እጄ። አደራው የእናንተ ነበር፤ ሳልጠይቃችሁ ሰጠሁት። ሹም ስለሆነ አከበርኩት፤ ማክበሬ አይቆጨኝም፤ አለመጠየቄ ነው የሚቆጨኝ። አሁን ደግሞ ፊታችሁ ቆሜ ያየሁትን አልሸሽግም ብዬ ምዬ ሸሸግሁ። እንግዲህ ማንም ስለ እኔ ብሎ ዝም እንዳይል። ሽታዬ፣ ወፏ ትናገር።»

«ወፏ ዘመነ ብላለች» አለች ሽታዬ።

ዘመነ ከአጎዛው ብድግ አለ። «ስም ማጥፋት ነው! ማን ነው ይህን ያለ? በስም ይጠራ!»

ይህን ማለት አልነበረበትም። ሕፃን ያዘለች ሴት ከክቡ መካከል ተነሣች። «እኔ ነኝ! መኪናው ከጓሮዬ ነው የቆመው!» አለች። ከወዲያ ደግሞ አንድ ቄስ ተነሡ፤ ለኪዳን ሲሄዱ ጆንያ ሲጫን አይተዋል። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ማዳበሪያውን ከጫኑ በኋላ ዘመነ ራሱ ጓጉንቸሩን በመጥረቢያ ሲሰብር ያየ እረኛም ተገኘ። ሹክሹክታ የለም፤ ሁሉም በገዛ ስሙ፣ በገዛ አፉ። አውጫጭኝ ከተጀመረ ጀምሮ ወፍ ሥራ ያጣችው ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም።

በመጨረሻ ሙሉቀን ተነሣ። «እኔም ቁልፉን አይቻለሁ» አለ፤ ድምፁ ተሰባበረ።

አያ እንዳላማው ዞር አሉ። «አንተም? እና ጽሕፈት ቤቱን ማቃጠል ምን የሚሉት ነው?»

«ምን ላድርግ? ክስ ከተመሠረተ እርስዎ ይጠራሉ። ሁሉም ነገር ቢነድ ክሱም አብሮ ይጠፋል ብዬ ነው።»

«የስልኩ ሰውዬስ?»

«እሱማ ሰበብ ነው አያ!»

ክቡ በሳቅ ፈረሰ። እንባና ዝናብ በተቀላቀለበት ፊት የሚሳቅ ሳቅ ነበር። አገኘሁ እንኳ ሳቀ፤ ከተመለሰ ወዲህ ጥርሱን ያየ አልነበረም።

ዘመነ ተመልሶ አጎዛው ላይ ተቀመጠ። ከበላይ ነው የታዘዝኩት ሊል ጀምሮ፣ ማን አዘዘህ ሲባል የሚጠራው ሰው አጣ። ያን ጊዜ አመነ፤ ከፊሉ ማዳበሪያ ተሽጧል፤ የቀረው በአማቹ የድንች ማቆያ ውስጥ ገለባ ለብሶ ተደብቋል። ይህን ሲናገር ከወጣቶቹ አንዱ እጁን አንሥቶ ተወረወረ። አያ እንዳላማው በመካከል ገቡ።

«እጅህን! ለሕግ የሚያስረክቡት ሰው አይነካም። ነገ ወደ ወረዳው ከተማ፣ ወደ ሮብ ገበያ እንወስደዋለን። ሕግ አለ።»

ከብት ሲገባ ወጣቶቹ ማዳበሪያውን በትከሻቸው እየተሸከሙ ወደ መጋዘኑ ይመልሱ ነበር። ያን ምሽት ቪዲዮ የቀረጸ አልነበረም።

በማግሥቱ ማለዳ የአስታ ሜዳ ሰው ወደ ሮብ ገበያ ወረደ። ካህናቱ አሉ፤ ሴቶቹ አሉ፤ ወጣቱ በሙሉ አለ። ከፊት ዘመነ በአያ እንዳላማው ፈረስ ላይ ተቀምጧል፤ ፈረሱ ዛሬ ኮርቻ ተጭኗል፤ እሳቸው በእግራቸው በጭቃው ይሄዳሉ።

«አያ፣ ሌባ በፈረስ፣ እርስዎ በእግር?» አለ ሙሉቀን።

«ሹመቱን ነው ያስቀመጥኩት፤ እሱን አይደለም። ሹመቱ የእኛ ነው፤ ጭቃ አይነካውም።»

በየመንደሩ ሰው እየወጣ ጠየቀ፤ የሰማ ሁሉ ተከተለ። ዞር ብለው ሲያዩ መንገዱ እስከ ዳገቱ አናት ነጭ በነጭ ሆኗል። ሙሉቀን በጆሯቸው ጠጋ ብሎ፣ «አያ፣ ይህስ ሰልፍ አይደለም?» አላቸው።

«ዝም ብለህ ሂድ» አሉት፤ ግን ፈገግ ብለው ነበር።

ከተማው መግቢያ ላይ ገመድ ተዘርግቶ ፖሊሶች ቆመዋል። ከእነሱ መካከል ፂም ገና ያላበቀለ ወጣት ወደ ፊት ወጣ። የሕዝቡን ብዛት ሲያይ መሣሪያውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«አባቴ፣ ሰልፍ ክልክል ነው። ፈቃድ አላችሁ?»

«እኛ የመጣነው ሰው ልናስረክብ ነው ልጄ። የሕዝብ አደራ ያጎደሉ ሰዎች አሉ።»

ፖሊሱ ፈረሱ ላይ ያለውን ሰው አየ። ጃኬቱን አየ፤ በእጁ ያለችውን የማኅተም ቦርሳ አየ። «ይህ አንዱ ነው። ሌላውስ የት አለ?»

አያ እንዳላማው የፈረሱን ልጓም ለሙሉቀን ሰጡት። የተከተላቸው ሕዝብ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ገብቶት ኧረ አያ፣ ኧረ አያ እያለ ተንጫጫ፤ ወይዘሮ ዘቢደር ብቻ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ሽማግሌው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እንዳደገደጉ ገመዱን ከፍ አድርገው በሥሩ አለፉና ከፖሊሱ ጎን ቆሙ።

«እኔ ነኝ» አሉ።